የካንቶሩ ወረቀቶች

በ1756 በርሊን የሚኖር አንድ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ የሽያጭ ማስታወቂያ አወጣ። የሚሸጡት ስልሳ የሚያህሉ የመዳብ ሳህኖች ናቸው። ሙዚቀኛው ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ ይባላል፤ በሳህኖቹ ላይ የተቀረጸው ኖታ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት የሞተው አባቱ የመጨረሻ ልፋት፣ «የፊውግ ጥበብ» የተሰኘው ድርሰት ነበር። መጽሐፉ ከ1751 ጀምሮ ገበያ ላይ ቢውልም እስከዚያ ቀን የተሸጠው ሠላሳ ቅጂ ገደማ ነው። ሳህኖቹ የተቀረጹበትን ወጪ እንኳ አልመለሰም።

(በዚህ ምዕራፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1977 አሜሪካ ቮዬጀር የተባሉትን ሁለት መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ስትልክ የምድርን ድምፅ የያዘ በወርቅ የተለበጠ ዲስክ አብሯቸው ተጭኖ ነበር። በዲስኩ ላይ የዮሃን ሴባስቲያን ባኽ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ከማንም የሙዚቃ ደራሲ ይበልጣል። ከሠላሳ ቅጂ እስከ ጠፈር ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚተረከው «ዘመኑ ያልተረዳው ሊቅ፣ ከሞተ በኋላ የተገኘ» እየተባለ ነው። ሲወራ ያምራል፤ ግን ግማሹ ልክ አይደለም። ባኽ በሕይወት ሳለ በኦርጋን አጨዋወቱ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር፤ ከሞተ በኋላም ሙዚቃው ከሙያው ሰዎች እጅ ወጥቶ አያውቅም። በሕይወቱ ዘመን ከሥራው የታተመው ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ እኛ ዘንድ የደረሰው ተማሪ፣ ሚስት፣ ልጅና የልጅ ተማሪ በእጃቸው እየገለበጡት ነው። እንዲገለበጥ ያደረገው ደግሞ የሰውየው ኑሮ ነው። ባኽ ደመወዝተኛ ነበር፤ አስተማሪ ነበር፤ የሃያ ልጆች አባት ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ወረቀቱን ተከትለን እንሂድ።

ባኽ የተወለደው ማርች 21 ቀን 1685 በመካከለኛው ጀርመን፣ አይዘናኽ በምትባል ከተማ ነው። በዚያ አገር ባኾች የታወቁ የሙዚቀኛ ዘር ናቸው፤ አባቱ ዮሃን አምብሮዚዩስም የከተማው ሙዚቀኛ ነበር። ሴባስቲያን ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ እናቱ ሞተች፤ አሥር ሳይሞላው አባቱም ተከተለ። ኦርድሩፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወተው ታላቅ ወንድሙ ዮሃን ክሪስቶፍ ወስዶ አሳደገው።

ስለ ኦርድሩፍ ኑሮ አንድ ታሪክ ቀርቶልናል። ወንድሙ የታላላቅ ደራስያን ሥራ የተገለበጠበት መጽሐፍ ነበረው፤ መጽሐፉም በሩ ፍርግርግ በሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት ነበር። ልጁ እንዲያየው ቢለምን ተከለከለ። እጁ ግን ትንሽ ነው፤ በፍርግርጉ ያልፋል። መጽሐፉም ገበታ ስለሌለው ይጠቀለላል። ቤቱ ሲተኛ እያወጣ፣ ሻማ ስለማይሰጠው በጨረቃ ብርሃን፣ ስድስት ወር ፈጅቶ ገለበጠው። ወንድሙ ደረሰበትና ግልባጩን ነጠቀው። ታሪኩን ባኽ ከሞተ በኋላ በ1754 ያሳተሙት ልጁና አንድ ተማሪው ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ትንሽ አምሮ ሊሆን ይችላል። እኔ አምነዋለሁ። ያኔ ሙዚቃ መማር ማለት መገልበጥ ነበር፤ ኖታ መግዛት ለባለጸጋ ነው። ልጁ የሰረቀው መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ነው የሰረቀው።

በ18 ዓመቱ አርንሽታት በምትባል ከተማ የኦርጋን ተጫዋችነት ሥራ አገኘ። ከአሠሪ ጋር የማይስማማ ሰው መሆኑ የታየው እዚህ ነው። በ1705 ጋየርስባኽ ከሚባል ባሱን የሚነፋ ተማሪ ጋር በማታ መንገድ ላይ ተጋጨ፤ አጨዋወቱን ሰድቦበት ነበርና ተማሪው ዱላ ሲያነሳ ባኽ ሰይፍ መዘዘ። በዚያው ዓመት ዲትሪኽ ቡክስተሁደ የተባለውን ዝነኛ የኦርጋን ሊቅ ለመስማት የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሉቤክ በእግሩ ሄደ፤ መንገዱ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተመለሰው አራት ወር ሊሞላ ሲል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት ጠርተው ወቀሱት፤ ስለ መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ ከመጣ ወዲህ በመዝሙሩ መካከል እንግዳ ድምፆች እያስገባ ምእመኑን ግራ አጋብቷል ብለው ነው። ከሉቤክ ይዞት የመጣው ነገር ገና በወሩ ቅሬታ አስነሳ ማለት ነው።

ከዚያ ሙልሃውዘን፣ ከዚያ ቫይማር። በቫይማር መስፍን ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ፣ ሹመት ሲያልፈው ሌላ ቦታ ሥራ አገኘና ልቀቁኝ አለ። መስፍኑ አልለቅም አለ። ባኽ አጥብቆ ሲነዘንዝ በ1717 ኖቬምበር ላይ ታሰረ፤ ሊወጣም የቻለው አራት ሳምንት ሊሞላ ሲል ነው፣ ሥራውንም አጥቶ፣ ያውም በውርደት። አዲሱ ጌታው የኮተኑ ልዑል ሊዮፖልድ ግን ሙዚቃ የሚወድ፣ ራሱም የሚጫወት ሰው ነበር። የልዑሉ ቤተ ክርስቲያን የካልቪን ሥርዓት ስለሚከተል ረቂቅ ዝማሬ አይፈልግም፤ ስለዚህ ባኽ እዚህ ያተኮረው በመሣሪያ ሙዚቃ ላይ ነው። የብራንደንበርግ ኮንቸርቶዎች ተጠናቅረው ለባለስሙ መስፍን የተላኩት ከዚህ በ1721 ነው። በዚህ ቤት ደስ ብሎት ሳለ በ1720 ከልዑሉ ጋር ወደ ካርልስባድ ጠበል ሄዶ ሲመለስ ሚስቱ ማሪያ ባርባራ ሞታ ተቀብራ ጠበቀችው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የቤተ መንግሥቱን ዘማሪ አና ማግዳሌናን አገባ። ይህችን ሴት እንያት፤ ያለ እርሷ እጅ የዚህ ምዕራፍ ግማሹ አይኖርም።

በ1723 የላይፕሲግ ከተማ ምክር ቤት ለቶማስ ትምህርት ቤት ካንቶር ይፈልግ ነበር። ካንቶር ማለት የትምህርት ቤቱን ልጆች ዝማሬ የሚያስተምር፣ የከተማዋን ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት ሙዚቃ የሚያዘጋጅና የሚመራ ሰው ነው። መጀመሪያ የተመረጠው ሙዚቀኛው ቴሌማን ነበር፤ ሃምቡርግ ደመወዝ ስትጨምርለት ቀረ። ቀጥሎ የተመረጠውን ግራውፕነርን ጌታው አልለቅም አለ። ፕላትስ የተባለ የምክር ቤት አባል ከምርጦቹ ማግኘት ካልተቻለ እንግዲህ መካከለኛውን መውሰድ ነው የሚል ሐሳብ መስጠቱ በቃለ ጉባኤው ተጽፎ ቀርቷል። በዚህ ሁኔታ የተቀጠረው ሰው እስኪሞት ድረስ 27 ዓመት እዚያው ሠራ።

ሥራው ምን ይመስል ነበር? ከዐቢይ ጾምና ከገና በፊት ካሉት ጥቂት እሑዶች በቀር በየሰንበቱና በየበዓሉ ካንታታ ያስፈልጋል። ካንታታ ከዕለቱ ወንጌል ጋር የሚስማማ፣ በመዘምራንና በመሣሪያ የሚቀርብ፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ የሚወስድ ድርሰት ነው። በዓመት ወደ ስልሳ ይሆናል። የቀድሞዎቹን ሥራ እያነሱ ማሰማት ይቻል ነበር፤ ማንም አይከለክለውም። ባኽ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ አዲስ ይደርስ ጀመር።

ወረቀቱ ላይ እንቅረብ። በመጀመሪያ መስመሩ ራሱ መሠመር አለበት። ለዚህ አምስት ጫፍ ያለው ብዕር አለ፤ አንዴ ሲጎተት አምስቱን የኖታ መስመሮች እኩል ያወጣል። ከዚያ ባኽ ሙሉውን ድርሰት፣ የሁሉንም ድምፅና መሣሪያ ድርሻ አንዱን ከአንዱ በታች አድርጎ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ረቂቅ የለም፤ ሐሳቡ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ነው የሚወርደው፣ ስርዝ ድልዙም እዚያው ይታያል። በአንዳንድ ገጾች ግርጌ ከላይ ካለው ጋር የማይገናኝ የሚመስል ቁራጭ ዜማ ተጭሮ ይገኛል። ምክንያቱን አጥኚዎች ደርሰውበታል፦ ገጹ ሞልቷል፣ ቀለሙ ግን አልደረቀም፤ ቢገልጠው ይጨማለቃል። ቀለሙ እስኪደርቅ የሚመጣው ሐሳብ እንዳይጠፋው ከታች ይጭረዋል። ወረቀትም ውድ ነው። ቫይማር ሳለ ለኦርጋን ባዘጋጀው አንድ ደብተር ቦታ ሲያልቅበት የቀረውን ኖታ ትቶ ቦታ በሚቆጥብ የፊደል ምልክት ጥጉ ላይ አጭቆት ይታያል።

ድርሰቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዘማሪና ተጫዋች የየራሱ ድርሻ ለብቻው መገልበጥ አለበት። ይህን የሚሠሩት የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ ወንዶች ልጆቹና አና ማግዳሌና ናቸው። የአና ማግዳሌና የእጅ ጽሑፍ ከባሏ ጽሑፍ ጋር እየተመሳሰለ ከመምጣቱ የተነሳ የኋላ ዘመን ሊቃውንት እየተሳሳቱ አንዱን ለአንዱ ሰጥተዋል። እሑድ በሰባት ሰዓት ጠዋት (በእኛ አንድ ሰዓት) ቅዳሴው ሲጀመር ወረቀቱ ዝግጁ መሆን አለበት። ልጆቹ ሲጨርሱ ድርሻዎቹ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ። ከእነዚህ ካንታታዎች ዛሬ ሁለት መቶ የሚያህሉ ቀርተዋል። ልጁ በጻፈው መሠረት አምስት ሙሉ የዓመት ዙር ደርሶ ከነበረ፣ ከሲሶ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው።

አሠሪዎቹ ይህን ሁሉ ያደንቁ ነበር ማለት አይቻልም። በ1730 ባኽ ለምክር ቤቱ ባስገባው ጽሑፍ መዘምራኑን ቆጥሮ አስቀምጧል፦ 17 የሚረቡ፣ 20 ገና ያልደረሱ፣ 17 ጨርሶ የማይሆኑ። በዚያው ዓመት ዳንሲግ ለሚኖረው የልጅነት ጓደኛው ለጌኦርግ ኤርድማን ሥራ እንዲፈልግለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚህ ደብዳቤ ይልቅ ሰውየውን የሚያሳይ ሰነድ አላውቅም። ስለ ጥበብ ጥቂት ነው የሚለው፤ የሚያወራው ስለ ኑሮ ውድነት፣ ሙዚቃ ስለማይገባቸው አለቆችና ስለ ቀብር ነው። የካንቶር ገቢ ከፊሉ ከቀብርና ከሠርግ የሚገኝ አበል ስለነበር፣ አየሩ ጤናማ ሲሆን ገቢ ይቀንሳል፤ ባለፈው ዓመት ሰው ስላልሞተ ከመቶ ታለር በላይ አጣሁ ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት «የማቴዎስ ሕማማት»ን ለስቅለት አቅርቧል።

ንዴቱን ወደ ሌላ ወሰደው። ከ1729 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚበዙበትን የሙዚቃ ማኅበር እየመራ በየሳምንቱ በሲመርማን ቡና ቤት ኮንሰርት ያሳይ ነበር። ቡና ያኔ በጀርመን የከተማ ሰው ሱስ ሆኗል፤ ከአገራችን ጫካ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ቡና ማለቴ ነው። ባኽ በ1730ዎቹ አጋማሽ ስለዚሁ አንድ አስቂኝ ካንታታ ደረሰ፦ አባት ልጁን ቡና ካልተውሽ አልድርሽም ይላታል፤ እሷ እሺ ትልና በሥውር የጋብቻ ውሏ ላይ ቡና የማፍላት መብቷን ታስገባለች። ኦፔራ ጽፎ አያውቅም፤ ቢጽፍ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ይህ ነው።

ለራሱ ሥራ የነበረውን ግምት ማየት የሚፈልግ ግን ቡና ቤቱን ትቶ በ1736 የጻፈውን የማቴዎስ ሕማማት የእጅ ጽሑፍ ይመልከት። ይህ እንደ ሳምንቱ ካንታታ የተቻኮለ አይደለም። በማስመሪያ ተሠምሮ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ የመጨረሻ ቅጂ ነው፤ ከወንጌሉ የተወሰደውን ቃል በሙሉ በቀይ ቀለም ጽፎታል። የብራና መጽሐፍ ላይ ቅዱሳን ስሞች በቀይ ሲጻፉ ያየ ሰው ምን እንደተሰማው ለመገመት አይቸገርም። በኋላ የገጾቹ ጠርዝ ሲጎዳ ባኽ ራሱ ቁራጭ ወረቀት እየለጠፈ የጠፋውን እንደገና ጻፈበት። ይታተማል ብሎ አይደለም፤ በላይፕሲግ ከጥቂት ስቅለቶች በላይ እንደማይሰማ ያውቃል።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ለተማሪዎቹ በጻፈው ውስጥ ነው። በ1722 «በሚገባ የተቃኘው ክላቪየር» የሚል ደብተር አዘጋጀ። በርዕስ ገጹ ላይ መማር ለሚፈልጉ ወጣቶችና ለሠለጠኑትም መዝናኛ መሆኑን ገልጿል። «በሚገባ የተቃኘ» የሚለው ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። የፒያኖ ዓይነት መሣሪያ በአንድ እርከን ውስጥ 12 ቁልፎች አሉት። ከአንዱ ቁልፍ ተነሥቶ አምስት አምስት ድምፅ እየዘለሉ ያለ እንከን በጠራ ቅኝት 12 ጊዜ ቢወጣ ወደ ተነሡበት ድምፅ መመለስ ነበረበት፤ አይመለስም። የግማሽ ድምፅ ሩብ የሚያህል ያልፈዋል። ይህች ትርፍ የሆነ ቦታ መቀበር አለባት። በቀደመው አቃኛኝ ጥቂት ቅኝቶች ጥርት እንዲሉ ትርፏ ሁሉ በማይነኩት ቅኝቶች ላይ ትጣላለች፤ እነሱን የነካ ሰው የሚሰማው ጩኸት ነው። ትርፏን በትንሽ በትንሹ ለሁሉም አከፋፍሎ በየትኛውም ቅኝት መጫወት የሚያስችል አቃኛኝ ሲመጣ ባኽ ደብተሩን ጻፈ፦ ለ12ቱ ሜጀርና ለ12ቱ ማይነር ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አንድ መግቢያና አንድ ፊውግ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ 24 ጨመረበት።

የመጀመሪያው መግቢያ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያውቀው ነው። ዜማ የለውም። አምስት ድምፆች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይመለሳሉ፣ ያው ይደገማል፤ ቀጣዩ መሥፈርያ ላይ አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ፈቀቅ ይላል፣ ያው ይደገማል። ለ35 መሥፈርያዎች የሚሆነው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ለጀማሪ ጣት የማይከብድ። ግን ከመሃል አካባቢ ጀምሮ ድምፆቹ እርስ በርስ መፋጨት ይጀምራሉ፣ መፍትሔውም ይዘገያል፤ የሚሰማው ሰው ለምን ትንፋሹን እንደያዘ አያውቅም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ጉኖ በላዩ ላይ ዜማ ጨምሮ «አቬ ማሪያ» አደረገው። ቆንጆ ነው፤ ባይጨምርበት ግን እወድ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ፊውግ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ድምፅ ብቻውን አጭር ሐሳብ ይናገራል። ሲጨርስ ሁለተኛው ያንኑ ሐሳብ ከፍ ካለ ቦታ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ግን ዝም አይልም፣ ከአዲሱ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር ይዞ ይቀጥላል። ሦስተኛው ይገባል፣ አራተኛው ይገባል። አራቱም እኩል ናቸው፤ አንዱ ዘፋኝ ሌሎቹ አጃቢ አይደሉም። በዚህ ፊውግ 27 መሥፈርያ ውስጥ ያ ሐሳብ 24 ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንዴ አንዱ ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላው እየደረበበት። አሥር ጣት አራት ሰው ሆኖ መናገር አለበት። ለመስማት መጀመሪያ ላይ አዳጋች ነው፤ አንዱን ድምፅ መርጦ እስከ መጨረሻው መከተል ይረዳል። በሁለተኛው ቀን ሌላውን።

ደብተሩ አልታተመም። ወደ ባኽ ለመማር የመጣ ሁሉ በመጀመሪያ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ይጫወተዋል። በ1720ዎቹ የተማረው ሃይንሪኽ ጌርበር ለልጁ እንደነገረው ባኽ ማስተማር አላሰኘኝም እያለ መሣሪያው ላይ ተቀምጦ ሙሉ ደብተሩን ሦስት ጊዜ ተጫውቶለታል፤ ከተማርኳቸው ቀናት ሁሉ ደስ የሚሉኝ እነዚያ ነበሩ ይል ነበር። ጌርበር ግልባጩን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። ሌላውም እንደዚሁ። ከዚያ የእነሱ ተማሪዎች ከእነሱ ገለበጡ። በ1783 ኔፈ የተባለ መምህር ቦን ውስጥ ስላለ አንድ ልጅ ሲጽፍ፣ ይህ ልጅ አብዛኛውን የሚጫወተው በሚገባ የተቃኘውን ክላቪየር ነው ብሎ አስታወቀ። ደብተሩ ለመታተም ገና 18 ዓመት ይቀረው ነበር። ልጁ ቤትሆቨን ነው።

የባኽ ዓይን በስተርጅና ደከመ። በ1750 ጆን ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ላይፕሲግ መጥቶ ሁለት ጊዜ ቀደደው። ቴይለር ከተማ ለከተማ እየዞረ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው ነው፤ በኋላ ሄንደልንም አክሟል፣ ሄንደልም አላየም። ባኽ ከቀዶ ጥገናው አላገገመም፤ ጁላይ 28 ቀን በ65 ዓመቱ ሞተ።

ኑዛዜ አልነበረም። የእጅ ጽሑፎቹ በዋናነት ለሁለቱ ትልልቅ ልጆች ተከፈሉ። ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል የደረሰውን በጥንቃቄ ጠበቀ፤ ቀዩ የማቴዎስ ሕማማት የዳነው በእሱ ነው። ቪልሄልም ፍሪደማን ድንቅ ተጫዋች ነበር፣ ኑሮ ግን አልሆነለትም፤ ሲቸግረው የአባቱን ወረቀቶች ሸጠ፣ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የት እንደደረሱ አይታወቅም። አና ማግዳሌና የደረሷትን የካንታታ ድርሻዎች ለቶማስ ትምህርት ቤት አስረከበች። በ1760 ስትሞት በምጽዋት የምትኖር ሴት ተብላ ነው የተመዘገበችው። ስመ ጥር ሙዚቀኛ የሆኑት ልጆች ያኔ የት ነበሩ ብሎ መጠየቅ አይቀርም። ለብቻ ሴሎ የተጻፉት ስድስቱ ስዊቶች የባኽ የራሱ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ዛሬ ሴሎ የሚጫወት ሰው ሁሉ ዋና መነሻው የአና ማግዳሌና ግልባጭ ነው። ሴሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ በ1890 የ13 ዓመት ልጅ ሳለ የእነዚህን ስዊቶች እትም ባርሴሎና ባለ አንድ ሱቅ አግኝቶ እንደ ልምምድ ይቆጠር የነበረውን ለዓለም መድረክ አበቃው፤ የመጣው ግን ከእርሷ ብዕር ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወረቀቶችም ሥራ አልፈቱም። በ1789 ሞዛርት ላይፕሲግ ሲያልፍ የቶማስ ልጆች ሞቴት ከሚባሉት የባኽ የመዘምራን ድርሰቶች አንዱን ዘመሩለት። ሮክሊትስ የተባለ የዘመኑ ጸሐፊ እንደተረከው ሞዛርት ደንግጦ ሌላስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ያሉት ግን የየድምፁ ድርሻዎች እንጂ ሙሉው ድርሰት አልነበረም። ወረቀቶቹን በጉልበቱ፣ በእጁና በዙሪያው ባሉ ወንበሮች ላይ ዘርግቶ ድምፆቹን በዓይኑ እየገጣጠመ አነበባቸው።

በዚህ ዓይነት የሙዚቀኞች ምሥጢር ሆኖ የቆየውን ወደ አደባባይ ያወጣው የሙዚቃ ደራሲው ፌሊክስ ሜንደልሶን ነው። እሱም ቢሆን ከሰማይ አልወረደለትም። የአያቱ እህት ሣራ ሌቪ የፍሪደማን ባኽ ተማሪ ነበረች፤ የቤተሰቡን የባኽ ስብስብ በርሊን ላለው የዝማሬ አካዳሚ እንዲደርስ ያደረገች እሷ ናት። አያቱ ቤላ ሳሎሞን ደግሞ ገና ልጅ ሳለ የማቴዎስ ሕማማትን አስገልብጣ ሰጠችው። ማርች 11 ቀን 1829፣ በሃያ ዓመቱ፣ ድርሰቱን በአካዳሚው አዳራሽ መራው። ብዙ ክፍል ቆርጦ ጥሏል፤ መሣሪያዎቹንም እንደ ዘመኑ ቀይሯል። የዛሬ ባለሙያ ቢሰማው ይቆጣ ነበር። አዳራሹ ግን ሞላ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ባኽ በተወለደበት ዕለት መደገም ነበረበት። የኢየሱስን ድርሻ የዘመረው ተዋናዩ ዴቭሪንት በትዝታው እንደጻፈው፣ ይህን ታላቅ የክርስቲያን ሙዚቃ ለሕዝብ የመለሱት አንድ ተዋናይና አንድ የአይሁድ ልጅ መሆናቸውን ሜንደልሶን ራሱ በመደነቅ ተናግሮ ነበር። ባኽ በሞተ በመቶ ዓመቱ፣ በ1850፣ ሥራዎቹን በሙሉ የሚያሳትም ማኅበር ተቋቋመ፤ ሥራው ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

ሣራ ሌቪ ያበለጸገችው የአካዳሚው ቤተ መጻሕፍት ግን ሌላ ፈተና ጠበቀው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቦምብ እንዲሸሽ ከበርሊን ወጥቶ ሶቪየቶች እጅ ገባ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። በ1999 የባኽ ተመራማሪው ክሪስቶፍ ቮልፍና ባልደረቦቹ ዱካውን ተከትለው ኪየቭ በሚገኝ መዝገብ ቤት አገኙት፤ በ2001 በርሊን ተመለሰ። በርሊን ያሉት የባኽ የገዛ እጅ ጽሑፎች ደግሞ ጠላታቸው ከውስጥ ነበር። ያ ዘመን የሚጠቀምበት ቀለም ብረት ስላለበት ቀስ በቀስ ወረቀቱን ይበላዋል፤ ኖታዎቹ እየቀደዱ ይወድቁ ጀመር። ባለሙያዎች አንዱን ገጽ ፊቱንና ጀርባውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ መሐሉ ላይ ስስ ማጠንከሪያ አግብተው መልሰው ይለጥፉታል። ይህን ሲሠሩ ማየት ነርቭ ይፈልጋል።

ወረቀት ፍለጋው አላበቃም። ፔተር ቮልኒ የተባለ የላይፕሲግ ባኽ መዝገብ ቤት ተመራማሪ በ1992 ብራስልስ በሚገኘው የቤልጂግ ንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የደራሲ ስምም ዓመትም ያልተጻፈባቸው ሁለት የኦርጋን ድርሰቶች አጋጠሙት። ባኽ ባኽ ይሸታሉ፤ ማስረጃ ግን የለም። ጉዳዩን ሠላሳ ዓመት ያህል ይዞት ቆየ። ቁልፉ የተገኘው ከሙዚቃው ሳይሆን ከገልባጩ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ከሌሎች ሰነዶች ጋር ሲመሳከር ሳሎሞን ጉንተር ዮን የሚባል፣ አርንሽታት ሳለ ከባኽ ዘንድ የተማረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቻኮን የሚባሉት እነዚህ ሁለት ድርሰቶች የተጻፉት እንግዲህ ባኽ ከሉቤክ መልስ ለምን ቀረህ እየተባለ በሚወቀስበት ዘመን አካባቢ ነው። ኖቬምበር 17 ቀን 2025 የኦርጋን ተጫዋቹ ቶን ኮፕማን በላይፕሲግ የቶማስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ ተጫወታቸው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።